ክቡር አቶ ይደገም

የትም ብትሄዱ፣ ያለቀ ሥራ ሲያይ ሆዱን የሚቆርጠው አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእናንተው ምናልባት ማኅተሙ ጠመመ ብሎ ወረቀት የሚመልሰው ነው። በእኛ ሆስፒታል ያሉት የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን ከረሳነው ቆየን፣ ክቡር አቶ ይደገም እንላቸዋለን።

እኔ አዋላጅ ነኝ። ማዋለጃ ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ፣ ላብራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። የነፍሰ ጡር ደም ይዤ ወርጄ ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ ክቡርነታቸው በመስኮቷ ብቅ ይላሉ። ደሙ አነሰ፤ ይደገም። ደሙ ቆየ፤ ይደገም። አንድ ቀን ጽሑፌ ፈዘዘ ብለው መለሱኝ።

«ጋሼ፣ የሰው ደም እኮ ነው! ከቧንቧ የምቀዳው መሰልዎ?» አልኳቸው።

«ለዚህ እኮ ነው ልጄ» ብለው መስኮቷን ጠረቀሙብኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

ትልቁ ስብከታቸው ግን ስም ቱቦው ላይ እንጂ ክዳኑ ላይ አይጻፍም የሚለው ነው። «ክዳን ይከፈታል። ሲመለስ የሌላው ቱቦ ላይ ሊገባ ይችላል።» እኔ ይህን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ለአዲስ ገቢዎችም እሳቸውን እያስመሰልኩ አስቅበት ነበር።

ታናሽ እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ራሷን አሟት መጣች። ፊቷ አብጧል፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ከእንግዴ ልጁ ወደ እናትየው ደም የሚገቡ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ፤ አንደኛው አንሶ ሌላኛው ከበዛ፣ ነገሩ ተራ ግፊት አይደለም፤ እናትንም ልጅንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ደሟን ራሴ ቀዳሁ። ከመደንገጤ የተነሳ ስሟን ክዳኑ ላይ ጻፍኩት።

ያን ጠዋት ክቡርነታቸው አልገቡም ነበር፤ ተተኪያቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተቀበለኝ። ተመስገን አልኩ! ውጤቱም ደህና ነው ተባለ። እህቴ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ዶክተሩ መሸኛዋን እየጻፈ ስልኩ ጮኸ፤ ክቡርነታቸው አርፍደው ገብተዋል።

«ስሙ ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። ይደገም።»

«ጋሼ፣ ውጤቱ እኮ ደህና ነው!»

«የማን ውጤት?»

እየተናደድኩም እያፈርኩም እንደገና ቀዳሁ። ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ መሸኛውን ቀደደው። እህቴን በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና አዋለዷት።

ልጅቷ ዘጠኝ መቶ ግራም ነበረች። ከምድር ቤት ወጥተው የማያውቁት ክቡርነታቸው በየቀኑ ሦስት ፎቅ እያለከለኩ ወጥተው በጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ መስታወት ያዩዋት ጀመር። ነርሷ ክብደቷን ስትነግራቸው «ይደገም» ይላሉ። ትንሽ የሚጨምር መስሏቸው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

በአራተኛው ቀን የሕፃናት ሐኪሟ ማዳመጫዋን ከዚያች ትንሽ ደረት ላይ አነሳችና ራሷን ነቀነቀች። ስንቷን እናት ያጽናናሁት እኔ፣ «ይደገም!» ብዬ ጮህኩ። ደገመችው። አሁንም ራሷን ነቀነቀች።

«ይደገም አልኩ እኮ!»

ክንዴን የያዙኝ እሳቸው ነበሩ። «ይሄ አይደገምም ልጄ» አሉኝ። እንባቸው መነጽራቸውን አጥቦታል። ወለሉ ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ ከምድር ቤት ሲደወልላቸው እየሰሙ አልተነሱም። ኋላ ለእህቴ ማን እንደሚነግራት ስጠይቅ፣ «አብረን እንንገራት» አሉ። አብረን ነገርናት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እህቴ ለክትትል መጣች። እቅፏ ባዶ ነው፤ ግን በእግሯ ነው የመጣችው። ደሟን ቀድቼ፣ ስሟን ቱቦው ላይ በትልልቁ ጽፌ ወረድኩ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩት።

«የተቀዳበት ሰዓት የለም። ይደገም።»

ደረጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልራገም ወጣሁት። ላይ ክንዷን የምትዘረጋልኝ እህት አለችኝ።