ጋሼ ሸምሱ ያጠጧት ሱፐር

መኪናውን እንደ አራስ የሚቀልብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በሽግግሩ መንግሥት ዘመን መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩኝ። ያረጀች ትንሽ ሰይቼንቶ መኪናቸው ከሱቃቸው እስከ መሳለሚያ እንጂ ርቃ አትሄድም። እሳቸው ግን "ተራ ቤንዚንማ ለጠላቴም አልመኝ" እያሉ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከጅቡቲ በጀሪካን የሚያመጡላቸውን ሱፐር የተባለ ምርጥ ቤንዚን ያጠጧታል።

አንድ ቀን አሳፍረውኝ ዳገት ስንወጣ፣ ጆንያ የተሸከመ ኩሊ በእግሩ ቀደመን።

"አየህ ሱፐር? በረረች አይደል?" አሉኝ።

ታላቅን ሰው እንዴት ብለው "አልበረረችም" ይሉታል?

"አውሮፕላን ሆነች እኮ፣ ጋሼ!" አልኳቸው።

በወሩ ሞተሯ ነክሶ ቆመችና አብረን ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ከፍቶ አያትና፣ "ለዚች ተራው ቤንዚን ይበቃታል፤ ሱፐር ምንም አይጨምርላትም። አቅም ያሳጣት ዘይት መብላቷ ነው። ቀደም ብለው ቢያመጧት ትድን ነበር" አላቸው።

"ዳገቱን በርራ ወጥታ የለም እንዴ? ይኸው ምስክሬ!" አሉ ጋሼ ወደኔ እየጠቆሙ።

መካኒኩ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሰይቼንቶዋ ተበታትና አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ወረደች። ጋሼ ሸምሱ ዛሬም በእግራቸው ሲያዘግሙ ካገኙኝ ትከሻዬን ይዘው፣ "ያን ቀን ግን በርራ ነበር፣ አይደል?" ይሉኛል።

"በርራ ነበር፣ ጋሼ።"