የሐሙስ አንባቢዬ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ የራሱን ድረ ገጽ ሊከፍት እንደሆነ ነገረኝና ምን እንደምመክረው ጠየቀኝ። ፒያሳ፣ ከመፍረስ ከተረፉት ቤቶች በአንዱ፣ ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። እህትህ አግብታለች ወይ አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። አዎ አለኝ። ከባሏ ጋር ይስማማሉ ወይ ብዬ ጨመርኩበት። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ሄደ።

እናንተ ግን ቁጭ በሉ። ላስረዳችሁ።

ድረ ገጽ ለመክፈት መጀመሪያ ስም ያስፈልጋል። ዶሜይን ይሉታል፤ ሰዎች እናንተን ለማግኘት የሚጽፉት አድራሻ ነው። ይህን ስም አንዴ ገዝታችሁ አትገላገሉም። በየዓመቱ ታድሱታላችሁ። ለማደስ ደግሞ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። እኔ ያን ካርድ ከየት አመጣለሁ? የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። በዓል ሲመጣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት እጽፋለሁ፤ ሰው ሲሞት የሐዘን መግለጫ እጽፋለሁ። ከመጀመሪያው መስመር በቀር ሁለቱ አንድ ናቸው። እህቴ ግን ስዊድን የሚሠራ ባል ነበራት። «ነበራት» የምትለዋን ያዙልኝ።

አማቼ ደግ ሰው ነው። «ችግር የለም ወንድምዬ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ በስልክ። እውነቱን ነው፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በስሙ፣ በኢሜይሉ፣ በካርዱ ገዛልኝ። ጽሑፉ የሚቀመጥበትንም ቦታ በዚያው ተከራየልኝ። መረቅኩት። ያን ጊዜ ሕይወቴን በሰው ትዳር ላይ እንዳንጠለጠልኩት አላወቅኩም።

የሐዘን መግለጫ የሚጽፍ ሰው ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። እኔ የተበደልኩ ሰው ነኝ። የተበደለ ሰው መናገሪያ ይፈልጋል።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። የት ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የእጅ ባለሙያዎች ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ጭቃ ላይ ቆሜ ልብስ ሰፊዎችንና ቆርቆሮ ቀጥቃጮችን አነጋገርኩ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱ ሽማግሌ ሐጂ ነበሩ፣ የወሎ ሰው። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ነው የሚያወሩኝ። አንድ ወሬ ጀምረው እስኪጨርሱ ሦስት ቁልፍ ይተክላሉ። የሳቸውና የጓደኞቻቸው ታሪክ ምዕራፍ ሦስት ሆነ። የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ምዕራፍ አራት።

ረቂቁን ከነማስታወሻ ደብተሮቼ ለአማካሪዬ ሰጠሁ። ዶክተሩ እላቸዋለሁ። እያነበብኩት ነው እያሉ ስምንት ወር አቆዩት። በዘጠነኛው ወር በስማቸው መጽሐፍ ወጣ። ገዝቼ ገለጥኩት። ሐጂ ቁጭ ብለው ያወራሉ። መርፌዋ ሳትቀር።

መጽሐፉን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ምንም አልደነገጡም። መነጽራቸውን ጠረጉና መቅድሙን ገልጠው በጣታቸው አሳዩኝ። «በሥራዬ ለረዱኝ ተማሪዎቼ በሙሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው» ይላል።

«ስሜስ?» አልኳቸው።

«አንተ ራስህን ታውቃለህ» አሉኝ።

በደሌ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጽሑፌን ለፈታኞች ያቀረብኩ ቀን አንዱ ፈታኝ ተነስቶ ምዕራፍ ሦስት ከአማካሪህ መጽሐፍ ቃል በቃል የተቀዳ ነው አለኝ። ከራሴ ሰረቅህ ተባልኩ! ዶክተሩ አጠገቡ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ምዕራፉን አውጥቼ በዝቅተኛ ውጤት አለፍኩ። ሊሰጠኝ የነበረው የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ።

እንግዲህ በድረ ገጼ ላይ ይህን ነው የጻፍኩት። በሦስት ዓመት መቶ አርባ አንድ ጽሑፍ። ደብተሮቼ አልተመለሱልኝም፤ ሐጂም አርፈዋል። ስለዚህ የነገሩኝን ከአእምሮዬ እየፈለቀቅኩ አንድ በአንድ መለስኩት። የዶክተሩን ስም ግን አልጠራሁም። ጎረቤቴ ጠበቃ ነው። ስም ከጠራህ ስም ማጥፋት ነው፣ ተከሰህ ታርፋለህ ብሎ አስፈራራኝ። «አንድ ዶክተር» እያልኩ ጻፍኩ። ከተማው በዶክተር ተሞልቷል፤ ማን ብሎ ያውቀዋል?

ድረ ገጽ ያለው ሰው ስቃዩን የሚያውቀው ድረ ገጽ ያለው ብቻ ነው። አንድ ቀን «አድስ» የምትል ቁልፍ መጣች፣ ነካኋት። ፊደሎቹ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኑ። ሐጂ ከነመርፌያቸው የሳጥን ሰልፍ ሆነው ዋሉ። የይለፍ ቃሌን ከግድግዳ ካላንደር ጀርባ ጽፌው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሚስቴ ካላንደሩን ቀድዳ ጣለችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አሥራ አንድ አስተያየት በአንድ ቀን መጣልኝ። ልቤ ልትወጣ! አሥሩ የፀጉር ማብቀያ ይሸጣሉ። አሥራ አንደኛው «ጽሑፍህ ሕይወቴን ለውጦታል» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ከሥሩ ያለውን ነካሁት። ጫማ ነው የሚሸጠው።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ቆጣሪው ነው። ስንት ሰው እንደገባ የሚነግር ቆጣሪ አለው። ለአንድ ጽሑፍ ሦስት ይለኛል። አንዱ በስልክ የገባሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው በቢሮ ኮምፒዩተር የገባሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው እኔ አይደለሁም። ሐሙስ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። በየሳምንቱ። አንድ ሳምንት አልቀረም።

ማን ይሆን? አሳታሚ ነው እላለሁ። ሌላ ቀን ባለሥልጣን ነው እላለሁ፤ ፋይሌን እያስመረመረ ነው። አብራኝ የተማረች አንዲት ልጅ ነበረች፣ እሷም ትሆናለች። ብቻ ረቡዕ ማታ ሳልጽፍ አልተኛም። ሐሙስ ሐሙስ ንጹሕ ሸሚዝ መልበስ ጀመርኩ። ማን ያየኛል ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሰኞ ጠዋት ድረ ገጼን ስከፍት በደሌ የለም። በቦታው የቁማር ጎማ ይሽከረከራል። ሐጂ በነበሩበት ሎሚና ብርቱካን ተደርድሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ወዲያው ስዊድን ደወልኩ።

«ድረ ገጼ ጠፋ!» አልኩት።

«እ... እህትህ አልነገረችህም እንዴ?»

«ስለ ድረ ገጹ?»

«ስለ ፍቺው።»

ይታደስ የሚል ማሳሰቢያ አልመጣልህም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አራት ጊዜ መጥቷል አለኝ። የናንተን ቤት ስም ማየት አልፈልግም፣ ሳላነብ ነው የሰረዝኩት፤ ካርዱንም ቀይሬዋለሁ አለኝ። ድምፁ ተሰብሯል። ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ያጽናናል። እኔ ግን ፍቺው አንድ ወር ቢዘገይ ምን ነበረበት አልኩት። ስልኩን ዘጋው። እህቴም ይህን ሰምታ እስከ ዛሬ አታናግረኝም።

ሌላ ቦታ አላስቀመጥክም ወይ እንዳትሉኝ። አላስቀመጥኩም! እዚያው ድረ ገጹ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር የምጽፈው። ዶሜይኑን ቁማርተኞች ወሰዱት፣ ጽሑፉ ከአማቼ ካርድ ጋር ተሰረዘ። ሁለት ጊዜ ተዘረፍኩ ማለት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ቢያንስ ሌባውን አውቀዋለሁ።

ሁለት ሳምንት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ካየሁ በኋላ ስድስት ኪሎ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ዘይነባ የኮፒ ቤት ባለቤት ናት። እኩያዬ ናት፣ ምላሷ ስለት ነው፤ እጇ ግን ከምላሷ ይፈጥናል። የማስታውሰውን እየነገርኩሽ ጻፊልኝ አልኳት። ጣቶቿን አዘጋጀች። «ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ዶክተር...» ስል ጣቶቿ ቆሙ።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አለች። «መርፌ በአፋቸው የሚይዙት ሐጂ ያሉበት አይደል?»

«ከየት ታውቂዋለሽ?»

«እኔ አይደለሁ እንዴ የማትመው! ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ስክሪን ዓይኔን ያመኛል ይላሉ። ‹ያ ልጅ ጽፏል?› ይሉኛል። ከፍቼ አትምላቸዋለሁ፤ አስጠርዘው ይሄዳሉ። ሰሞኑን ግን ቁማር ስለሚከፍትብኝ፣ አልጻፈም ብዬ እመልሳቸዋለሁ።»

ያ ልጅ እኔ ነኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው።

«ምን ዓይነት ሽማግሌ?» አልኳት። ልቤ እያወቀ።

«እኔ እንጃ። መነጽራቸውን ሲጠርጉ ነው የሚውሉት።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሸሚዝ የለበስኩት ለማን ነው? አንቺ ጋ ቅጂው የለም ወይ ስላት፣ የሰው ጉድ አላስቀምጥም፣ ማሽኑ ይሞላብኛል አለች። ሂድና ጠይቃቸው አለችኝ። ሌባውን ነው የምለምነው ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ዕቃው ያለው እሳቸው ጋ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ማንን ልትጠይቅ ነው?»

ሦስት ቀን እምቢ አልኩ። በአራተኛው ዶክተሩ ወደሚኖሩበት ወደ አፍንጮ በር ወረድኩ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለማመደው። በሩ ሲከፈት «አንተ ሌባ!» እላለሁ። አንተ ነው የምለው፣ እርስዎ አልልም። በሩ ተከፈተ። አርጅተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንደምን አደሩ ዶክተር?» አለ። ወገቤም ሳላዘው ጎንበስ አለ።

«ዘገየህ» አሉኝ። «ሦስት ሐሙስ ሙሉ አልጻፍክም። ታመሃል ብዬ ነበር።»

«ድረ ገጹ ጠፍቶ ነው ዶክተር።»

«ቅጂ አላስቀረህም?»

«አላስቀረሁም።»

«ድሮም እንዲህ ነበርክ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ረቂቅህንም ሳታባዛ ነበር የሰጠኸኝ።»

ይህን የሚለኝ ማነው? ከመደርደሪያ አራት ጥራዝ አወረዱ። ሰማያዊ ሽፋን፣ በተራ ቁጥር። እጄ ላይ ካስቀመጡ በኋላም ለቀቅ አላደረጉትም።

«ኮፒ አድርገህ መልስልኝ» አሉ። «የኔ ነው።»

ታክሲ ውስጥ ገለጥኩት። ገጹ ሁሉ በቀይ ቀለም ተሞልቷል። አርመውኛል! ስግብግብ ያልኳቸው ቦታ ላይ «ስሜታዊ ነው» ተብሏል። ሐጂ የነገሩኝ ታሪክ ጎን ደግሞ በትልቁ «ምንጭ?» ይላል። ምንጭ! ለኔ! እሳቸው! አጠገቤ የተቀመጡ እናት በጤናህ ነው ልጄ እስኪሉኝ ድረስ ብቻዬን ጮህኩ። ከዚያ ዋናው ገጽ ላይ ደረስኩ። «ዶክተሩ ምዕራፍ ሦስትን ወሰዱ» ብዬ የጻፍኩበት። በጎኑ በዚያ በማውቀው እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ያልተሟላ። ምዕራፍ አራትም ተወስዷል። ውጭ አገር በሚታተም መጽሔት ወጥቷል። ይጣራ።»

ምዕራፍ አራትን አላውቅም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለልብስ ሰፊዎቹ ስናደድ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ የሚናደድላቸው አጥተው ኖረዋል። ግማሽ በግማሽ ነበር የተናደድኩት። እንደ አዲስ ጀመርኩ።

አዲሱን ድረ ገጽ በራሴ ስም፣ በራሴ ኢሜይል፣ ባንክ ለባንክ ዞሬ ባወጣሁት በራሴ ካርድ አስመዘገብኩ። ዘይነባ መቶ አርባ አንዱንም ጻፈችልኝ። ቅጂውን ሦስት ቦታ አስቀመጥኩ። እርማቶቹንም አስገባሁ። ሁሉንም። ትክክል ናቸዋ! ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ምዕራፍ አራትም ገባ። ጥራዞቹን መለስኩ፣ ረቡዕ አወጣሁት። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ቆጣሪው ሦስት አለ።

ወዲያው ዘይነባ ደወለች። ሽማግሌው ተቆጥተው ወጡ አለችኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! በመጨረሻ ነካቸው አልኩ።

«ሁለት ምዕራፍ መስረቃቸው ስለተጻፈ ነው አይደል?»

«ኧረ እሱስ አይደለም» አለች። «እርማቴን በሙሉ ወስዶ ስሜን አልጠቀሰም ነው የሚሉት። ‹ምዕራፍ አራትን የነገርኩት እኔ አይደለሁም? ይህ ነውር ነው› ይላሉ። ስሜ ከነማዕረጌ ይግባ ብለው በጽሑፍ ፈርመው እኔ ጋ ትተውልሃል።»

ወረቀቱን ለጎረቤቴ ለጠበቃው አሳየሁት። ሳቀ፣ ሳቀና፣ ሰውየው ራሱ ጠይቆሃል፣ ነገውኑ አስገባው አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የፈለግኩት ይኸው ነበር። ስማቸው፣ ከነማዕረጋቸው፣ ከነሰረቁት ምዕራፍ።

ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ስማቸውን ጻፍኩት። አየሁት። ከዚያ ሐሙስ ረፋድ ዘይነባ ቤት ቆመው፣ የታተመ ስማቸውን አቅርበው እያነበቡ፣ ደስ ብሏቸው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ታየኝ። አጠፋሁት። በቦታው፣ ከገጹ ግርጌ፣ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «በሥራዬ ለረዱኝ አንባቢዎቼ በሙሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ዘይነባ ደወለች። ታንሾካሹካለች።

«ወረቀቱን ይዘው እዚህ ፊቴ ቆመዋል። ‹ስሜስ?› ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

«ራሳቸውን ያውቃሉ በያቸው» አልኳት።