የላይኛውና የታችኛው ቆጥ የጋራ መግለጫ

ሐሙስ ሌሊት ሕልም አየሁ። በሕልሜ የተገኙት የላይኛው ቆጥ ልዑካን መሪ ክብርት ገብስማ፣ የታችኛው ቆጥ ልዑካን መሪ ክብርት ወሰራ፣ አንድ የኃይል ሚኒስትርና እኔ ነበርን። ሁለቱ ክቡራት ዶሮዎች ናቸው።

ስብሰባው የተጠራው ስለ እናቴ ስልሳ ዕንቁላል ነበር። ዕንቁላሎቹ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ሃያ ቀን ሞልቷቸዋል፤ ሊፈለፈሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው መብራት ጠፋ። ማሽኑ የተገዛው በሬያችን ተሸጦ ነው። ጫጩት ካልወጣ የሚቀረን ሞፈርና ቀንበር ብቻ ነው።

መብራቱ የሚመነጨው ከላይኛው ቆጥ ነው፤ ወደ እኛ የሚደርሰው በታችኛው ቆጥ በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ ሁለቱም መስማማት ነበረባቸው። ዶሮዎቹ ስብሰባ ስለያዙ ዕንቁላሎቹን የታቀፈው ሚኒስትሩ ነበር። ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ጠረጴዛው ሥር ጭድ ላይ ተቀምጧል።

ከጠረጴዛው በላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። የሚበራው በመግለጫው ረቂቅ ላይ በሚጻፈው ቃል ጥንካሬ ልክ ነው። እኔ “ዛሬ መብራት ይለቀቅልን” ብዬ ጽፌ ሳቀርብ አምፖሉ ቦግ አለ። ሁሉም ዓይናቸውን ሸፈኑ።

ክብርት ገብስማ ጉሮሮዋን ጠረገች። “የወንድማችንን ሐሳብ ከልብ እናደንቃለን። ‘ዛሬ’ የሚለው ቃል ግን የላይኛውን ቆጥ ስሜት ይጎዳል። ‘በተገቢው ጊዜ’ ብንለውስ?”

አምፖሉ ቢጫ ሆነ።

“የታችኛው ቆጥ የላይኛውን ኩስ ለዘመናት በትዕግሥት ተቀብሏል” አለች ክብርት ወሰራ። “‘ይለቀቅ’ ካልን ግን ያዡ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ‘የሚለቀቅበት ሁኔታ ይጠና’ ይባል።”

አምፖሉ ፍም መሰለ።

“ኧረ በእናንተ ሞት!” አለ ሚኒስትሩ ከሥር። “እግሬ ደነዘዘ! ማብሪያውን ተጫኑትና ልነሣ!”

“ክቡር ሚኒስትሩ ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል ተብሎ ይያዝ” አለች ገብስማ።

“ምን ገንቢ? እናንተ ዶሮ አይደላችሁም እንዴ? ዕንቁላል እኮ ነው!”

“ስለ ዕንቁላሉ ያደረብን ስጋት ጥልቅ ነው።”

“እኛ ደግሞ እጅግ ጥልቅ ነው እንላለን” አለች ወሰራ።

“እንግዲያው ታቀፉታ!”

“ስብሰባ ላይ ነን።”

ሚኒስትሩ ሁለት ዕንቁላል በብብቱ ሸጎጠ። “የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነው” ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ድንገት ጮኸ፤ “ዝም በሉ! አንዱ ውስጥ ጭው ጭው ይላል! በርዶታል!”

ማብሪያው ከክርኔ አጠገብ ነበር። እጄን ሰደድኩ።

“የተናጠል እርምጃ!” አሉ ሁለቱም። ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ሲያየኝ እደነግጣለሁ፤ ዶሮም ሲያየኝ ያው ነው። እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ።

“ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በታዛቢነት ይጋበዛሉ” አለችኝ ገብስማ ልታጽናናኝ። ከዚያ መግለጫውን አነበበች። “ሁለቱ ወገኖች መብራትን በተመለከተ ሐሳብ መለዋወጣቸውን ለመቀጠል ያላቸውን ፍላጎት በአዎንታ ተመልክተዋል።”

አምፖሉ ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ ክንፍ ተጨበጨበ። “በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!” አለች ወሰራ። ሚኒስትሩ ተስፋ ቆርጦ ሊነሣ ሲንገዳገድ ሰማሁት፤ ልይዘው ተወረወርኩ።

“አትንቀሳቀስ!” አለች እናቴ።

ነቃሁ። ነግቷል። እናቴ ስልሳውን ዕንቁላል ግራና ቀኜን ደርድራ፣ ሁለት ብርድ ልብስና የራሷን ጋቢ ደርባብኛለች።

“እማዬ፣ መብራቱስ?”

“ከሌሊት ጀምሮ የለም። ሬዲዮው ደግሞ ከጎረቤት አገር ጋር ስለ መብራት ፍሬያማ ውይይት ተደረገ አለ።”

“ታዲያ ጥሩ አይደል?”

“ፍሬያማ ካሉማ ዛሬ አይመጣም። እባክህ ልጄ፣ ትንፋሽህን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ አድርገው።”

እስከ ማግስቱ አልተነሣሁም። አሥራ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። መብራት ማክሰኞ መጣ።