ሦስት መቶው ዋት የት ገባ?

በየሰፈሩ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠይቁት የሚመልስ አንድ ሊቅ አይጠፋም። ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ የደረሷት ሊቅ ከቤቷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ኦም» ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው ያለ ኤሌክትሪክ መለኪያቸው ከቤት አይወጡም። «ቮልቱንና አምፔሩን ስጡኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት!» ይላሉ። ሲካፈል የሽቦው እንቅፋት መለኪያ ኦም፣ ሲባዛ የኃይሉ መለኪያ ዋት። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩን ሥራ አስቁመው የመላጫ ማሽኑን ለክተዋል፤ ደንበኛው ግማሽ ጎፈሬውን ይዞ «አሥራ አንድ ዋት!» የሚለውን ብሥራት ሰማ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ አምፖል ሲቆጥሩ ተይዘዋል። ልብስ ሰፊዋማ ኮቴያቸውን ደረጃው ላይ ስትሰማ ሬዲዮዋን ዘግታ የሌለች መምሰል ለምዳለች።

አንድ ቀን ጠዋት ግን በሯ ገርበብ ብሎ ነበር። ቀና ስትል ጋሽ ኦም ደፉ ላይ ቆመዋል።

«አዲስ ካውያ ገዛሽ አሉ! እስቲ አንዴ ልለካው።»

«ጋሽ ኦም በሞቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ይሄ ሱሪ ለስድስት ሰዓት ይፈለጋል።»

«ሁለት ደቂቃ!»

ሁለት ደቂቃቸውን ታውቃታለች። ካውያውን አስነቅለው ሶኬቱን ለኩ፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። አሰክተው ደግሞ ለኩ፤ ካውያው አሥር አምፔር ይስባል፣ ቮልቱ ግን መቶ ዘጠና ሆኗል።

«መቶ ዘጠና ለአሥር ሲካፈል አሥራ ዘጠኝ ኦም፤ በአሥር ሲባዛ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዋት። ካውያሽ ደህና ነው» አሉ። ተገላገልኩ ስትል ፊታቸው ተለዋወጠ። «ቆይ፣ ሠላሳው ቮልት የት ሄደ? ሠላሳ በአሥር፣ ሦስት መቶ ዋት። አንድ ቦታ ሦስት መቶ ዋት እየነደደ ነው፤ ካውያው ላይ ግን አይደለም።»

«የት ነው ታዲያ?»

«ግድግዳው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ነዋ!» መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እያስኬዱ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ሲፈጃቸው እጃቸውን መንጭቀው አነሱ።

«ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው?»

«የልጄ አልጋ። አሟት ተኝታለች።»

ሽማግሌው ነጠላ ጫማቸውን ጥለው ወደ ዋናው የመብራት ማጥፊያ ሮጡ። እናት ወደ መኝታ ቤቱ በረረች። ልጅቷ እንቅልፍ ላይ ናት። ከትራስጌዋ በላይ የሽቦ መገናኛው ሳጥን ክዳን ቀልጦ ተንሻፏል፤ አጠገቡ የተሰቀለው መጋረጃ ጫፉ ጠቁሯል። ጋሽ ኦም ደርሰው ክዳኑን ሲያነሱት ውስጡ ያለው ሽቦ ከሰል መስሏል።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን እንዳቀፈች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ኦምም ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያባዙ፣ ምንም ሳያካፍሉ፣ «ውሃ» ብቻ አሉ።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ሽቦውን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ግን ጋሽ ኦም ድምፃቸው ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ደረጃው ጭር አለባት። በአራተኛው ቀን መርፌዋን አስቀምጣ ፎቅ ወጣችና በራቸውን አንኳኳች።

«ምነው ጋሽ ኦም፣ ምን ሆነው ጠፉ?»

በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። «አይ፣ ሰው ማስቸገሩን ልተወው ብዬ ነው። ያን ቀንም አስደነገጥኳችሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች፤ ከግድግዳው ይልቅ ይሄ አስደነገጣት።

«ምን ማለትዎ ነው? ኧረ ይውረዱና ያስቸግሩን!»