ዩሪዲያ ካንቱ ዐሥራ አንዱን ሰዓት ስለ ማስመለሳቸው

ንዌጥን በረድኤተ ትዕግሥት። ፊርማ ፍለጋ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ተቆጣጣሪው ዌንደል በቴክሳስ ድንበር ሸለቆ ላይ በሠለጠነ በሁለተኛው፣ በወርኃ ኦክቶበር በመጨረሻው ቀን፣ የሁለት ልሳን እመቤት፣ የእናቶች ጆሮ፣ የባሕርይ ትንተና ተማሪ ዩሪዲያ ካንቱ ለዘመቻ ተነሡ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ለሙያው ፈተና ለመቀመጥ በተቆጣጣሪ የተፈረመ ሁለት ሺህ የሥራ ሰዓት ይጠየቃል፣ ለእሳቸውም ዐሥራ አንድ ብቻ ጎድሎ ነበር፣ የወሩም ቅጽ ያን ዕለት ካልተፈረመ ሰዓቱ ይሞታል፣ በሸለቆውም ከዌንደል በቀር ፈራሚ አልነበረም፣ እሱም በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ጓዙን ጠቅልሏል።

ዐሥራ አንዱ ሰዓት የጎደለው ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም። ዌንደል፣ ከስፓኒሽ «ግራሲያስ»ን፣ ማለትም «አመሰግናለሁ»ን፣ ብቻ የሚያውቀው ሊቅ፣ ዶኛ ማለትም ወይዘሮ ኤልፊዳ የተባሉ እናት ልጅ የአራት ዓመቷ ናዬሊ ምሳ ላይ ለምን ሳህን እንደምትወረውር ሊመረምር ገብቶ፣ ዩሪዲያን አስተርጓሚ አደረገ። እሳቸውም ጠይቀው፣ ተመልክተው፣ መዝግበው ምስጢሩን ደረሱበት፤ ሕፃኗ የምትወረውረው አያቷ ሳይቀመጡ መብላት ሲጀመር ነው፣ በዚያ ቤት ከአያት በፊት የሚጎርስ የለምና። ዌንደልም ግኝቱን በራሱ ስም ጻፈ፣ ዐሥራ አንዱን ሰዓት ግን በቀይ ብዕር ሰረዘ፣ እንዲህም ሲል ዐወጀ፦

«ስሚ ዩሪ፣ ማስተርጎም እኮ ሥራ አይደለም፤ ትብብር ነው። እናንተማ ተወልዳችሁበት፣ ምኑ ያደክማል?»

አያ ዌንደል! ባልዘራው እህል ጎተራ ቆላፊ!

ዩሪዲያም ገሠገሡ። የተከተሏቸው ሠራዊትም መስኮቷ አልዘጋ ያለ የእናታቸው መኪና፣ በላስቲክ የታሰረ የቅጽ ክምር፣ ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ እስክሪብቶ ነበሩ። በዌንደል ወገን ደግሞ ሰዓት ቆጣሪ፣ ለሕፃናት ሽልማት የሚለጠፍ አንድ ሣጥን ኮከብና ደረቱ ላይ የሚወዛወዝ መታወቂያ ተሰለፉ። ሁለቱ ጭፍሮች በዶኛ ኤልፊዳ ወጥ ቤት ተጋጠሙ። ዌንደል የስንብት ምክሩን ሊያስተረጉም ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ዩሪዲያ በሙሉ ድምፅ ዐወጁ፦

«አቶ ዌንደል፣ ትብብሬ አልቋል። ሥራ ካልሆነ እርስዎው ይሞክሩት። ሥራ ከሆነ ደግሞ ይፈርሙልኝ። እኔ ቁጭ ብያለሁ።»

ቁጭም አሉ፤ ሰውየው አኩርፎ ቢወጣ ግን የሦስት ዓመት ልፋት አብሮት ይወጣ ነበር።

ዌንደልም ለብቻው ዘመተ። ስለ ምሳ ሊያስረዳ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ ሆዱን ዳበሰ፣ ኮከብ ግንባሩ ላይ ለጠፈ። ዶኛ ኤልፊዳም የራበው መሰላቸውና፣ አያትየው ከጓሮ እስኪገቡ ይጠብቃል ብለው፣ ቦሎቄ በቶርቲያ፣ በበቆሎ ቂጣ፣ አስቀመጡለት። አልጠበቀም። «ግራሲያስ» ብሎ ጎረሰ። ናዬሊ አየችው፤ ጮኸች፤ ሳህኗን አነሣች፤ ቦሎቄውም በመታወቂያው ፎቶግራፍ ላይ ዐረፈ። ዶኛ ኤልፊዳ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በስፓኒሽ ዐወጁ፦

«ዩሪ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ይህንኑ ነገር እኔ ነኝ ያገኘሁት ብሎ አልጻፈም እንዴ?»

ዩሪዲያ አላስተረጎሙም፤ አያስፈልግም ነበር። ዌንደል ሕፃኗን አየ፣ ባዶውን የአያት ወንበር አየ፣ ጆሮው ቀላ። ቅጹንም ስቦ፣ በቀይ የሰረዘውን ዐሥራ አንድ ሰዓት በእጁ መልሶ ጽፎ ፈረመ፤ የአውራ ጣቱም የቦሎቄ ማኅተም ከፊርማው ጎን ቀረ። ዶኛ ኤልፊዳ ዩሪዲያን ደጃፍ ድረስ ሸኝተው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦

«የሙያ ፈቃድሽን ስታገኚ ነይ። ብቻሽን ነይ።»

ክብር ለዩሪዲያ ካንቱ፣ ቀይ ብዕር ላንበረከኩ፣ ግራሲያስን በዝምታ ድል ለነሡ! ነገሥታት አገር ያቀኑ ነበር፤ እኒህ ግን ሦስት ዓመት ዘምተው፣ የሠሩትን «ሠርተሻል» አስባሉ።