የመኪናችን የኋላ ወንበር ለምን እንደማይቀዘቅዝ ለማጣራት በዚያው መኪና ውስጥ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የጉዞው ዋዜማ

ቦታ፦ ግቢያችን ውስጥ፣ ሞተሩ ተነስቶ የቆመው መኪና

የተገኙ፦
1. አባወራው፦ ሰብሳቢ (መሪው ጋ)። ቤት ውስጥ «አንተ» ቢባሉም ስብሰባ ስለሆነ «አንቱ» ተብለዋል።
2. እማማ፣ የሰብሳቢው እናት፦ አቤቱታ አቅራቢ (የመጨረሻው ወንበር)
3. የሰብሳቢው ታናሽ ወንድም፣ አንድ ጊዜ ሬዲዮ ጠግኖ «ኢንጂነሩ» የተባለው፦ የቴክኒክ አማካሪ (ጋቢና)
4. የቤቱ ልጅ፣ በክርክሯ «ጠበቃዋ» የምትባለው፦ አባል (መካከለኛው ወንበር)
5. እኔ፣ የሰብሳቢው ባለቤት፦ ጸሐፊ (ከልጄ ጎን)

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በሮቹ ስለተቆለፉ ልቅር የሚልም አልነበረም።

አጀንዳ አንድ፦ የእማማ አቤቱታ

ነገ የምንሄደው የእማማ ሴት ልጅ የወለደቻትን ሕፃን ለማየት እንደሆነ ይታወቃል። መንገዱ ረጅም ነው፣ አገሩም ሙቀት ነው። እማማ እንዲህ አሉ፦ «እናንተ ከፊት ሹራብ ስትደርቡ እኔ ከኋላ እንደ ዳቦ እበስላለሁ። ባለፈው ስንደርስ ደግፋችሁ ነው ያወረዳችሁኝ። ካልተሠራ አልሄድም። የሕፃኗን ፎቶ አይቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። እንደማይበቃቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ሰብሳቢው ጋቢናው ብርድ መሆኑን በራሳቸው አፍንጫ እንዳረጋገጡ፣ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ኋላው ቀዝቅዞ እንደማያውቅ፣ ይህም ብልሽት ሳይሆን የኋላ ወንበር ተፈጥሮ መሆኑን አስረዱ። እማማም፣ «አንተማ ድሮም አንተን ከተመቸህ ሰፈሩ ሁሉ የተመቸው ይመስልሃል» ሲሉ አስተያየት ሰጡ።

እማማ ቦታ እንዲቀይሩ ተጠየቀ። ጋቢና ከተቀመጡ የጭነት መኪና ሁሉ እሳቸው ላይ የሚመጣ እንደሚመስላቸው፣ መካከል ላይ ደግሞ ጉልበታቸውን መዘርጋት እንደማይችሉ ስለገለጹ ሐሳቡ ወደቀ።

አጀንዳ ሁለት፦ የብልሽቱ መንስኤ

ኢንጂነሩ የኤሲው ጋዝ አልቋል አለ። ጠበቃዋ፣ «ጋሼ፣ ጋዝ ቢያልቅ አንተስ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?» ብላ ጠየቀች። ኢንጂነሩ ጥያቄው ከቴክኒክ ውጭ ነው ብሎ ወደ ፊውዝ ተሻገረ። አንዱን ነቅሎ አየው፣ ደህና ነው አለ፣ መለሰው። ከዚያ በኋላ ክላክሱ ቢጫኑት አልጮህ አለ። ኢንጂነሩ ሁለቱ ነገሮች እንደማይገናኙ አጥብቆ ተናገረ።

ጠበቃዋ ኋላው ፊት እንዲሆን መኪናው እስከ ሕፃኗ ቤት ድረስ በኋላ ማርሽ እንዲነዳ ሐሳብ አቀረበች። ሰብሳቢው አንገታቸውን እንደሚያማቸው ገልጸው ተቃወሙ። ሌላ ተቃውሞ አለማቅረባቸው በጽሑፍ እንዲያዝ ተጠይቆ ይኸው ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦
ሀ) የሳሎኑ ቬንቲሌተር በረጅም ገመድ ከባትሪው ጋር እንዲገናኝ፤
ለ) እማማ እርጥብ ፎጣ ራሳቸው ላይ እንዲያደርጉ (እማማ፦ «እናንተው አድርጉት»)፤
ሐ) ሰብሳቢው ኋላ ተቀምጠው ሙቀቱን እስኪያምኑ እንዳይወርዱ።

አጀንዳ ሦስት፦ የውሳኔ «ሐ» አፈጻጸም

ሰብሳቢው ኋላ ገብተው ከእናታቸው ጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ ምንም አይልም አሉ። ቀጥሎ ሹራባቸውን አወለቁ። ቀጥሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ ጸሐፊዋም ከዚህ በላይ እንዳይቀጥሉ አሳሰበች። ላብ ያጠመቀውን እጃቸውን መስኮቱ ሥር ካለው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ክዳን ላይ ቢያሳርፉት ተጣብቆ ቀረ። ቀስ ብለው አላቀቁት።

«ምን አገኘህ?» አሉ እማማ።
«ምንም።»
«ምንም ካልክ አግኝተሃል።»

ሰብሳቢው ስብሰባው ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ጠየቁ። ደጋፊ አላገኙም።

ጠበቃዋ ዞራ ብታይ፣ የኋላው ኤሲ አየር የሚስብበት ወንፊት መኪናው ሲገዛ በለበሰው ላስቲክ ተሸፍኖ ኖሯል። መሳብ ያልቻለ ማሽን ምን ይተነፍሳል? ሰብሳቢው መኪናው አዲስ እንደሆነ እንዲቆይ ብለው ላስቲኩን ከየትም እንዳናነሳ መከልከላቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው፣ ይኼኛው በተላጠ ቁጥር እሳቸው ራሳቸው በፕላስተር ሲለጥፉት መኖራቸውን ነበር።

ሰብሳቢው ላስቲኩ ሳይነሳ በመርፌ ይበሳሳ ብለው ለመኑ። እማማም፣ «አንተን ስወልድ በላስቲክ አልጠቀለልኩህም። አረጀህ እንጂ ምን ሆንክ?» ብለው በአንድ እጃቸው ጎትተው ላጡት። ሰብሳቢው ድምፁን ላለመስማት ጆሯቸውን ያዙ።

ወዲያው ከጣሪያው ቀዳዳዎች ብርዱ ወረደ። የእማማ ሻሽ ተርገበገበ። እማማ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «ለመሆኑ ለሕፃኗ ምን ይዘናል?» ብለው ጠየቁ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ቬንቲሌተሩ ሳሎን፣ ፎጣው የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እንዲቆዩ፤ የኋላ ወንበር ተፈጥሮ ተብሎ የተነገረው እንዳልተነገረ እንዲቆጠር፤ ኢንጂነሩ የነካውን ሁሉ የሚነካ ሌላ ሰው እንዲፈለግ፤ እማማ አልሄድም ያሉትን ጨምሮ በዚህ ስብሰባ የተባለውና የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢው እጃቸውን ያወጡት ላስቲኩን እንደታቀፉ ነው።

ስብሰባው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ አበቃ። አባላቱ ሲወርዱ እማማ ጉልበታቸውን ዘርግተው ቀሩ። ጉዞው ነገ ጠዋት መሆኑ ቢነገራቸው፣ «እናንተ ግቡና እደሩ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» ብለዋል።