ማሽኑ ምራቅ አይመረምርም

መጀመሪያ ቁጭ በሉ። የዛሬውን ጉዴን ቆማችሁ አትችሉትም!

እንደምታውቁት በጋዜጠኝነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጎርፍ ዘግቤአለሁ፤ ከጎርፍ የሚብስ ስብሰባም ዘግቤአለሁ። በቀላሉ አልደነግጥም።

የሚያስደነግጠኝ ለሜሳ ብቻ ነው።

ለሜሳ የቢሯችን ወጣት ሪፖርተር ነው። ዜናው ሁልጊዜ ለአዲስ አበባ ተልኮ በሀገር አቀፉ ሬዲዮ ይተላለፋል። የእኔ ድምፅ ግን ከዞናችን ወጥቶ አያውቅም።

አልቀናሁም።

እሺ፣ ቀናሁ!

ሰሞኑን እዚህ አምቦ ለአንድ ላብራቶሪ አዲስ የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ገባ። እንደ ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያውን በዓይን ማየት አያስፈልግም፤ ከአክታ ውስጥ ዲኤንኤውን ፈልጎ ያገኛል። ባክቴሪያው አንዱን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይናገራል። ያውም በሰዓታት ውስጥ!

አለቃችን ጠራንና "ሁለታችሁም ሥሩ፤ የተሻለው ለአዲስ አበባ ይላካል" አለን።

ለሜሳ ስለ ማሽኑ ይዘግብ። እኔ እመረመራለሁ አልኩ በልቤ! ደግሞም ሳል ይዞኝ ሰንብቷል። ከዚህ የበለጠ የዜና አንግል ከየት ይመጣል?

ጠዋት ሄድኩ። የላብራቶሪ ቴክኒሻኗ ጫልቱ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝና "ከውስጥ ስለው አክታ ያምጡ" አለችኝ።

እኔ በሐሳቤ የዜናውን መግቢያ እየጻፍኩ ነበር። እፍ ብዬ ተፋሁና መለስኩላት።

ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው።

"ኦቦ ደረጀ፣ ይሄ እኮ ምራቅ ነው።"

"ማሽኑ ዘመናዊ ነው ተብሎ የለ?"

"ዘመናዊ ቢሆንም የሌለ ነገር አያገኝም! ይውጡና ከሳንባዎ ያምጡ!"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ።

ጓሮ ወጥቼ ነፋስ ላይ ቆሜ ሳልኩ። ከጊንጪ የመጡ አንዲት እናት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ታዘቡኝ።

"ይሄ ሳል ነው? ጉሮሮ መጥረግ ነው እንጂ! ጀባዻ፣ ኦቦ! ይበርቱ!"

በረታሁ። ከእግር ጥፍሬ ጀምሬ ሳልኩ!

ዕቃውን ከድኜ ዞር ስል ለሜሳ ቆሟል። ማይክሮፎኑ ወደ እኔ ተዘርግቷል።

"ጋሼ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! አንዴ ይድገሙልኝ።"

እምቢ አልኩት። ሳሉ ግን አልሰማኝም፤ ደገመለት።

ከሰዓት በኋላ ውጤቴ መጣ። ቲቢ የለብኝም። ጌታ ይመስገን! ዘገባዬን ጻፍኩ፤ እውነታው አንድ በአንድ የተጣራ፣ የላብራቶሪው አሠራር የተብራራ።

አለቃችን ሁለቱንም አዳመጠ። "ያንተ ትክክል ነው" አለኝ። "የለሜሳው ግን ሕይወት አለው።"

ሕይወቱ የእኔ ነበር!

አመሻሽ ላይ በባጃጅ ወደ ቤት ስሄድ የሹፌሩ ሬዲዮ ሀገር አቀፉን ዜና ጀመረ። መጀመሪያ ሳሌ ተሰማ። ከነማስተጋባቱ! ቀጥሎ ለሜሳ፦ "እኚህ አባት ውጤታቸውን በጭንቀት እየተጠባበቁ ነው..."

አባት!

ውጤቴን እንኳ አልተናገረም። ጋዜጠኝነት ይሄ ነው?

ንዴቴ ሳሌን ቀሰቀሰው። ሹፌሩ ዞሮ አየኝ፤ ወደ ሬዲዮው አየ፤ እንደገና አየኝ።

"ፋዘር! እርስዎ ነዎት እንዴ?"

እኔ ነኝ አልኩት። ቲቢ እንዳይጋባበት፣ ነፋስ እንዲገባ የባጃጁን መጋረጃ ሁሉ ገለጠው።

ይኸው እንግዲህ፣ ይህን ያህል ዓመት ደክሜ ካልደረስኩበት ሀገር አቀፍ ሬዲዮ የሳሌ ድምፅ በአንድ ቀን ደረሰ። ለሜሳን ትቼዋለሁ። አሁን የምቀናው በራሴ ሳል ነው።

ከመካከላችሁ እንዲህ የደረሰበት አለ?